ባለቱርቦ ተሽከርካሪ በዝቅተኛ ዙር ለምን ይደክማል? ከፍታ፣ የጭስ ጉልበትና የማሻሻያው ቅደም ተከተል

አኅጽሮተ ጥናት

ባለቱርቦ ሞተር ያላቸው ተሽከርካሪዎች ከቆሙበት ሲነሡ ወይም ዳገት ሲጀምሩ የሚያሳዩት ድካም፣ በአሽከርካሪዎችም በጋራዦችም ዘንድ ዘወትር የሚነሣ ቅሬታ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መፍትሔ የቱርቦውን ግፊት ማሳደግ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በቀላል የፊዚክስ ስሌት እየታገዘ ሁለት ነጥቦችን ያቀርባል። አንደኛ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ የአየሩ መሳሳት ቱርቦው በሚገባ የሚሠራበትን የዙር ክልል በከፊል ብቻ ሲጎዳ፣ ቱርቦው ገና ያልነቃበትን ዝቅተኛ ክልል ግን ሙሉ በሙሉ ይጎዳል። ሁለተኛ፣ በዚህ ምክንያት የማሻሻያው ቅደም ተከተል የሚጀምረው የሚባክነውን ግፊት ከመመለስና ከማርሽ አመራረጥ ነው፤ ግፊትን በግድ መጨመር የመጨረሻው፣ አንዳንዴም ፈጽሞ የማይመከር እርምጃ ነው።

1. መግቢያ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተሰሜን የሚያዋስናት የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድም ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ወንዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ከወረደ በኋላ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ሽቅብ ይወጣል። በእንዲህ ያለ መልክዐ ምድር የሞተር ድካም የምቾት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይችልም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ የጭነት መኪና ለመቅደም የወጣ ተሽከርካሪ፣ ሞተሩ የተጠበቀውን ጉልበት ለሁለት ሴኮንድ ቢያዘገይ፣ በእነዚያ ሁለት ሴኮንዶች 33 ሜትር ይጓዛል። ከፊት ለፊት የሚመጣውም በዚያው ፍጥነት ቢመጣ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በ66 ሜትር ይጠባል። ስለዚህ የቱርቦው መዘግየት የሰው ሕይወት ጉዳይም ነው።

ጉዳዩን አንገብጋቢ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በመከልከላቸው፣ ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት ባለቤንዚንና ባለናፍጣ ተሽከርካሪዎች ለተጨማሪ ዓመታት በጥገና እየታገዙ ማገልገላቸው የማይቀር ነው። እነዚህን ተሽከርካሪዎች በአግባቡ መርምሮ ወደ ቀድሞ አቅማቸው መመለስ፣ ወይም በተሳሳተ ማሻሻያ ሞተራቸውን ማበላሸት፣ በባለንብረቱም በአገር ሀብትም ላይ ግልጽ ልዩነት ያመጣል።

2. የቱርቦ አሠራርና ሁለት የሚምታቱ ችግሮች

ቱርቦቻርጀር በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሁለት ባለምላጭ መዘውሮችን የያዘ መሣሪያ ነው። አንደኛው፣ ተርባይኑ፣ ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ይዞራል። ሁለተኛው፣ ኮምፕረሰሩ፣ በዚያው ዙር ንጹሕ አየር ስቦ በመጠቅጠቅ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ብዙ ነዳጅ ሲቃጠልም ብዙ ጉልበት ይገኛል። በጭስ ጉልበት አየርን የመጠቅጠቅ ሐሳብ በባለቤትነት ፈቃድ የተመዘገበው በስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ በአልፍሬድ ቡሺ በ1905 እ.ኤ.አ. ነበር። ከፍታን ለመቋቋም ያለው ጥቅም በጉልህ የታየው ደግሞ በ1918 እ.ኤ.አ. ሳንፎርድ ሞስ በአሜሪካ ኮሎራዶ በሚገኘው፣ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በቱርቦ ታግዞ በቆላማ ቦታ የነበረውን ጉልበት መልሶ እንዲያገኝ ባደረገበት ሙከራ ነው። እንግዲህ ቱርቦ ከመጀመሪያው አንሥቶ የከፍተኛ ቦታ መድኃኒት ሆኖ ታውቋል። ጥያቄው ይህ መድኃኒት በዝቅተኛ ዙር ላይ ለምን እንደሚያንስ ነው።

በዕለት ተዕለት አነጋገር “ቱርቦው ዘገየ” ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይቀላቀላሉ። የመጀመሪያው የግፊት መነሻ ዙር ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ከዚያ በታች ሲዞር፣ አሽከርካሪው የቱንም ያህል ነዳጅ ቢሰጥና የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ ጭሱ በቂ ስለማይሆን ቱርቦው ትርጉም ያለው ግፊት የማይፈጥርበት ወሰን ነው። ሁለተኛው እውነተኛው መዘግየት ነው፤ ሞተሩ ከመነሻው ዙር በላይ እያለ ነዳጅ በድንገት ሲሰጥ፣ የቱርቦው ዘንግ ወደሚፈለገው ዙር እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ችግር የጭስ እጥረት ሲሆን ሁለተኛው የጊዜ እጥረት ነው። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ፣ ማንኛውም ማሻሻያ ከመታሰቡ በፊት ተሽከርካሪው የሚታመመው በየትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያውን በቁጥር እንመልከት። 2.4 ሊትር ይዘት ያለው ባለአራት ስትሮክ የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 1,200 ዙር ሲዞር፣ በንድፈ ሐሳብ በደቂቃ 1,440 ሊትር አየር ይስባል። ሲሊንደሮቹ የሚሞሉት 85 በመቶ ያህል ነው ብንል፣ በሴኮንድ 20.4 ሊትር ይሆናል። ይኸው ሞተር በ3,000 ዙር፣ ቱርቦው የአየሩን እፍግታ በእጥፍ አሳድጎለት ሲሠራ፣ የሚያልፍበት አየር በክብደት አምስት እጥፍ ይደርሳል፤ ሁለት እጥፍ ተኩል ከዙሩ፣ ሁለት እጥፍ ከእፍግታው ይገኛል። በ1,200 ዙር ተርባይኑ የሚያገኘው ጭስ በሙሉ አቅሙ ከሚያገኘው አንድ አምስተኛ ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ ጭሱ ሲያንስ በተርባይኑ መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነትም አብሮ ስለሚወርድ፣ የተርባይኑ ጉልበት የሚቀንሰው ከጭሱ መጠን በበለጠ ፍጥነት ነው።

ሁለተኛውን ለማየት የዘንጉን እንቅስቃሴ ጉልበት እናስላ። የአነስተኛ አውቶሞቢል ቱርቦ በደቂቃ 150,000 ዙር መድረሱ የተለመደ ነው። የመዘውሮቹ የመዞር ግትርነት 0.00002 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ነው ብንል፣ በዚያ ዙር የሚያጠራቅሙት ጉልበት 2,500 ጁል ያህል ይሆናል። ተርባይኑ ኮምፕረሰሩን ካሠራ በኋላ 3,000 ዋት ትርፍ ካለው፣ ይህን ለመሙላት ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ትርፉ 1,000 ዋት ብቻ ከሆነ ግን ሁለት ሴኮንድ ተኩል ይወስዳል። አሽከርካሪው “አሁን ነቃ” የሚለው ይህ ጊዜ ሲያበቃ ነው።

3. ከፍታ የሚጨምረው ሸክም

በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 76 ኪሎፓስካል ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በአዲስ አበባ 0.90 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ከላይ የተጠቀሰው ሞተር በ1,200 ዙር በሴኮንድ የሚስበው 20.4 ሊትር አየርም ከ24.5 ግራም ወደ 18.4 ግራም ይቀንሳል። ሩብ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው።

ቱርቦው ሲነቃ ሁኔታው ይለወጣል። የቀድሞው ዓይነት፣ በጸደይ የሚሠራ የጭስ ማሳለፊያ በር (በተለምዶ ዌስትጌት) ያለው ቱርቦ ከከባቢው አየር በላይ የተወሰነ ግፊት እንዲጨምር ይስተካከላል። ጭማሪው 70 ኪሎፓስካል ቢሆን፣ በባሕር ወለል ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር ፍጹም ግፊት 171፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 146 ኪሎፓስካል ይሆናል። ቅናሹ 15 በመቶ ያህል ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩት ዘመናዊ ሞተሮች ፍጹም ግፊቱን ለክተው ስለሚያስተካክሉ፣ ቱርቦው አቅሙ እስከፈቀደ ድረስ ቅናሹን ከዚህም ሊያጠቡት ይችላሉ።

እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይታያል። ቱርቦው ከነቃ በኋላ ከፍታ የሚወስደው ከ15 በመቶ የማይበልጥ ሲሆን፣ ከመንቃቱ በፊት ግን 25 በመቶውን ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። በተጨማሪም የሳሳው አየር የሚያመነጨው ጭስ ስለሚያንስ፣ የግፊት መነሻው ዙር ራሱ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ በቆላ ሲነዳ ለስላሳ የነበረ ተሽከርካሪ፣ በደጋ ሲነዳ መጀመሪያ ፍዝ፣ ከዚያም በድንገት የሚፈናጠር ይመስላል። ችግሩ የሚገኘው የኃይሉ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ነው። ጣሪያውን የሚያሳድግ ማሻሻያ ወለሉን እንዲሁ ይተወዋል።

ከፍታ በኮምፕረሰሩ ላይም ሸክም ይጨምራል። ፍጹም ግፊቱን 200 ኪሎፓስካል ለማድረስ በባሕር ወለል የሚገባውን አየር በእጥፍ መጠቅጠቅ ይበቃል፤ በአዲስ አበባ ግን 2.6 ጊዜ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። የኮምፕረሰሩ ብቃት 72 በመቶ ነው ተብሎ ሲሰላ፣ ለአንድ ኪሎ ግራም አየር የሚወጣው ሥራ በ45 በመቶ ያህል ይጨምራል። በ20 ዲግሪ የገባው አየርም ከኮምፕረሰሩ ሲወጣ በባሕር ወለል 109፣ በአዲስ አበባ 149 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል። ኢንተርኩለሩ በአቧራና በጭቃ ተሸፍኖ ሙቀቱን ማስወገድ ካልቻለ፣ በብዙ ድካም የተጠቀጠቀው አየር ተመልሶ ይሳሳል።

4. የሚባክነውን መመለስ

የማሻሻያው የመጀመሪያ ደረጃ አዲስ ነገር መጨመር አይደለም፤ ያለው ግፊት የሚባክንበትን ቀዳዳ መፈለግ ነው። ይህ በተለይ ለዝቅተኛ ዙር አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት ሁልጊዜ አይስተዋልም። በከፍተኛ ዙር ቱርቦው ትርፍ ጭስ ስላለው ዌስትጌቱ ከፊሉን እየከፈተ ያሳልፋል። የአየር ቱቦ ጥቂት ቢያፈስ መቆጣጠሪያው በሩን ትንሽ ዘግቶ ጉድለቱን ይሸፍነዋል፤ አሽከርካሪውም አያውቀውም። በዝቅተኛ ዙር ግን በሩ አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፤ የሚታከል ትርፍ የለም። ስለዚህ እያንዳንዷ ቀዳዳ በቀጥታ ከጉልበቱ ላይ ትቀነሳለች። “ሲነቃ ደኅና ነው፣ ሲነሣ ግን ይደክማል” የሚባል ተሽከርካሪ ብዙ ጊዜ የሚጠቁመው ይህንን ነው። ፍተሻው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢካሄድ ጊዜና ወጪ ይቆጥባል።

ሀ) መነሻ ንባብ። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የመግቢያ ማኒፎልዱ የግፊት መለኪያ የከባቢውን አየር ግፊት ማሳየት አለበት፤ ይኸውም በአዲስ አበባ ከ76 እስከ 78 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በመጽሐፍ የተጻፈውን 101 ጠብቆ “መለኪያው ተበላሽቷል” ብሎ መለወጥ አላስፈላጊ ወጪ ነው። በሌላ በኩል መለኪያው በዚህ ከተማ 95 ካሳየ በእርግጥ ተበላሽቷል፤ የነዳጁን መጠን የሚወስነው ኮምፒውተርም በሐሰት መረጃ እየሠራ ነው።

ለ) ከኮምፕረሰር እስከ ሲሊንደር ያለው መንገድ። የጎማ ቱቦዎች፣ ማሰሪያዎቻቸውና ኢንተርኩለሩ፣ ሞተሩ ቆሞ በአነስተኛ የአየር ግፊት ይፈተሻሉ። በመገጣጠሚያ ላይ የሚታይ የዘይት ወዝ አየር የሚወጣበትን ቦታ ብዙ ጊዜ ይጠቁማል። ሥራ በማይሠራ ሞተር ላይ የተዘጋ የሚመስል ስንጥቅ በግፊት ጊዜ ሊከፈት ስለሚችል በዓይን ማየት ብቻ አይበቃም።

ሐ) ከሲሊንደር እስከ ተርባይን ያለው መንገድ። የጭስ ማኒፎልዱ ቢሰነጠቅ ወይም ጓርኒሲዮኑ ቢያፈስ፣ ተርባይኑ ከሚያገኘው ጥቂት ጭስ ከፊሉ ሳይሠራ ይወጣል። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለ ጥቁር ጥላሸትና ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የሚሰማ የምት ድምፅ ምልክቶቹ ናቸው።

መ) ዌስትጌትና ተንቀሳቃሽ ክንፎች። ዌስትጌቱ በሚገባ ካልተዘጋ፣ ወይም በተርባይኑ ዙሪያ ያሉት ክንፎች በጥላሸት ተጣብቀው ክፍት እንደሆኑ ከቀሩ፣ ጉዳቱ የሚታየው በዝቅተኛ ዙር ነው። ክንፎቹን በቫኪዩም የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን ቱቦ መሰንጠቅ ብቻውን ለሙሉ ድካም ይበቃል።

ሠ) የጭስ መላሽ ቫልቭ። ይህ ቫልቭ የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ መግቢያ የሚመልስ ነው። ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ በአንድ ጊዜ ሁለት ጉዳት ያደርሳል፤ ከተርባይኑ በፊት ጭስ ይወስዳል፣ ወደ ሲሊንደሩ ደግሞ ኦክስጅን የጎደለው አየር ያስገባል።

ረ) ከተርባይን በኋላ ያለው መንገድ። የጥላሸት ማጣሪያ ወይም ካታሊስት በብርቱ ሲደፈን ጭሱ በተርባይኑ ውስጥ ለመስፋት የሚያስፈልገውን የግፊት ልዩነት ያጣል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሰፊ የጭስ ማውጫ ቧንቧ መግጠም አልተካተተም። በቧንቧ ውስጥ የሚፈጠረው ተቃውሞ በፍሰቱ መጠን ካሬ ያድጋል። በዝቅተኛ ዙር ያለው ፍሰት የሙሉው አንድ አምስተኛ ከሆነ፣ ተቃውሞው ሃያ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጤናማውን ማርሚታ አውልቆ በሰፊ መለወጥ በከፍተኛ ዙር ጥቂት ሊያግዝ ቢችልም፣ ለመነሻው ድካም የሚሰጠው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው፤ የሚጨምረው በዋናነት ድምፅን ነው።

5. ማርሽ፣ ክብደትና ጎማ

ሁለተኛው ደረጃ ሞተሩን ደካማ በሆነበት የዙር ክልል ውስጥ አለማቆየት ነው። 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሽከርካሪ 8 በመቶ ዘንበል ባለ ዳገት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይወጣ እንበል። ዳገቱንና የጎማውን ተቃውሞ ለማሸነፍ 19 ኪሎዋት ያህል ኃይል ከጎማው ይፈለጋል፤ በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነው ሲታከል ከሞተሩ 21 ኪሎዋት ያህል መምጣት አለበት። ይህን ኃይል በ1,200 ዙር ለመስጠት ሞተሩ 166 ኒውተን ሜትር ቶርክ ያስፈልገዋል፤ በ2,000 ዙር ግን 100 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል።

አሁን ይህን ቱርቦው ገና ካልነቃ ሞተር አቅም ጋር እናነጻጽር። ያለቱርቦ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር በባሕር ወለል በአንድ ሊትር ይዘት 65 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል ብንል፣ 2.4 ሊትሩ 156 ይሰጣል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ወደ 117 ይወርዳል። በባሕር ወለል አሽከርካሪው በ1,200 ዙር ዳገቱን ለመውጣት ጥቂት ሲጎድለው፣ በአዲስ አበባ ፈጽሞ አይችልም፤ ተሽከርካሪው እየቀዘቀዘ፣ ዙሩ እየወረደ፣ ጭሱ ይበልጥ እያነሰ ይሄዳል። አንድ ማርሽ ቀንሶ በ2,000 ዙር የሚነዳ ግን ቱርቦው ሳይነቃ እንኳ ትርፍ ቶርክ አለው፤ ያም ትርፍ ቱርቦውን ለማንቃት ይውላል። ይህ ማሻሻያ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ማርሹ በዳገቱ መሐል ሳይሆን ከዳገቱ ግርጌ፣ በመቅደሙ መሐል ሳይሆን ለመቅደም ከመውጣት በፊት እንዲቀነስ ብቻ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውም ቢሆን ማርሹን በእጅ የመምረጥ አማራጭ ካለው፣ በዚሁ መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል።

ክብደትና ጎማም በዚሁ ሚዛን ይታያሉ። ለአንድ ዓይነት ግፊያ ኃይል፣ ክብደቱ በአሥር በመቶ የጨመረ ተሽከርካሪ ፍጥነት የመጨመር አቅሙ በዘጠኝ በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቁመቱ በአሥር በመቶ የበለጠ ጎማ መግጠምም በእያንዳንዱ ማርሽ ወደ መንገዱ የሚደርሰውን ኃይል በዘጠኝ በመቶ ይቀንሳል፤ በአንድ ፍጥነት ላይ ያለውንም የሞተር ዙር በዚያው መጠን ያወርዳል። ለመልክ ወይም ለገጠር መንገድ ሲባል ትልቅ ጎማ የተገጠመለት ተሽከርካሪ ከቱርቦው መነሻ ዙር የበለጠ እየራቀ መሆኑን ባለንብረቱ ሊገነዘብ ይገባል።

6. የንድፍ መፍትሔዎች

መኪና አምራቾች ይህንኑ ችግር ለአሥርተ ዓመታት ሲታገሉት ኖረዋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው ሳዓብ 99 ቱርቦ፣ ቱርቦው ለከፍተኛ ፍጥነት ሳይሆን ለመካከለኛና ለዝቅተኛ ዙር እንዲያገለግል ሆኖ በመመጠኑ ይታወቃል፤ ትርፍ ጭሱ በዌስትጌት ይሸኛል። የመጠን ጉዳይ ወሳኝ የሆነበት ምክንያት የሚከተለው ነው። በቅርጽ አንድ ዓይነት የሆኑ መዘውሮች የመዞር ግትርነት በስፋታቸው አምስተኛ ርቢ ያድጋል። ስፋቱ በአሥር በመቶ የቀነሰ መዘውር ግትርነቱ በ41 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ትልቅ ቱርቦ መግጠም፣ የላይኛውን ዙር ኃይል ቢያሳድግም፣ የታችኛውን ያባብሰዋል።

ሌላው ዘዴ ተርባይኑን በሁለት የተከፈለ መግቢያ መሥራት ነው። ፍንዳታው 1፣ 3፣ 4፣ 2 በሚል ተራ በሚሄድ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር፣ የ1 እና የ4 ጭስ በአንድ፣ የ2 እና የ3 ጭስ በሌላ መንገድ ይላካል። የአንዱ ሲሊንደር የጭስ ምት የሌላውን አያውክም፤ የምቱም ጉልበት ሳይደበዝዝ ተርባይኑን ይደርሳል። ተንቀሳቃሽ ክንፎች ያሉት ቱርቦ ደግሞ በዝቅተኛ ዙር የጭሱን መተላለፊያ በማጥበብ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ በከፍተኛ ዙር ያሰፋዋል። ይህ ዘዴ ጭሳቸው ቀዝቀዝ በሚለው የናፍጣ ሞተሮች ላይ በሰፊው ተለምዷል።

የቅርብ ጊዜ መፍትሔዎች ከጭሱ ውጪ ሌላ ምንጭ ይፈልጋሉ። ቮልቮ በ2016 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የናፍጣ ሞተር፣ በሁለት ሊትር ጋን የተጠራቀመ አየር በመነሻ ቅጽበት ወደ ጭስ ማኒፎልዱ ተለቆ ተርባይኑን ያነቃዋል። አውዲ በዚያው ዓመት በኤስኪው7 ላይ በ48 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ተጨማሪ ኮምፕረሰር ገጥሟል፤ ከሩብ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜም ሙሉ ዙሩን ይደርሳል። ሁለቱም የሚያረጋግጡት አንድ ነገር ነው፦ በዝቅተኛ ዙር የጎደለው የግፊት ፈቃድ ሳይሆን የጉልበት ምንጭ ነው።

7. ግፊትን በግድ መጨመር

የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ለውጦ ግፊትንና ነዳጅን መጨመር እንደ አቋራጭ ሲቀርብ ይሰማል። ከላይ ከተባለው እንደሚታየው፣ ከመነሻው ዙር በታች ዌስትጌቱ አስቀድሞ ስለተዘጋ ፕሮግራሙ ሊያዝዘው የሚችለው ተጨማሪ ግፊት የለም። የሚጨምረው ነዳጁ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.5 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ያለጥቁር ጭስ ለመቃጠል ደግሞ ከዚያ የበለጠ ትርፍ አየር ያስፈልገዋል። አየሩ በሩብ በሳሳበት ከፍታ ነዳጅ መጨመር የሚሰጠው ጥቁር ጭስ፣ የጋለ ተርባይንና የተደፈነ ማጣሪያ ነው።

በላይኛው ዙር ያለው አደጋ ሌላ ነው። በባሕር ወለል የተለመደውን ፍጹም ግፊት በአዲስ አበባ ለማግኘት ዘንጉ ይበልጥ መፍጠን ስላለበት፣ አምራቹ ለደኅንነት የተወው ክፍተት ቀድሞውኑ ጠብቧል። በዚያ ላይ ግፊት መጨመር መዘውሩን ከተፈቀደለት ዙር ሊያሳልፈው ይችላል። በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጩ አነስተኛ ባለቱርቦ የቤንዚን ሞተሮች ደግሞ፣ በዝቅተኛ ዙርና በከፍተኛ ጭነት ካንዴላው ከመለኮሱ በፊት ነዳጁ በራሱ የሚቀጣጠልበት ክስተት አለ፤ ፒስተን እስከመስበር ይደርሳል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ክስተት ለመቀነስ የሚያስችል የሞተር ዘይት ደረጃ የወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሞተር ያለው ሰው በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ፔዳሉን እስከታች መርገጥ የለበትም፤ የዘይቱንም ደረጃ አምራቹ ካዘዘው ማውረድ አይገባውም።

8. መደምደሚያ

ከላይ የቀረቡት ስሌቶች የሚያመለክቱት የማሻሻያ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የሚያፈሰው ይደፈን፣ የተጣበቀው ይፈታ፣ መለኪያውም ከከተማው ከፍታ ጋር ይመሳከር። ቀጥሎ ሞተሩ ከግፊት መነሻው ዙር በላይ እንዲቆይ ማርሹ አስቀድሞ ይመረጥ፤ ትርፍ ክብደትና ትልቅ ጎማ ይቀነስ። ከዚህ በኋላ አሁንም ድካም ካለ፣ የሚታሰበው በመጠን አነስ ያለ ወይም ተንቀሳቃሽ ክንፍ ያለው፣ ለዚያው ሞተር የተሠራ ቱርቦ ነው። ግፊትን ማሳደግ በዝቅተኛ ዙር ለሚታየው ድካም መልስ አይሆንም።

ይህ ጽሑፍ የተመሠረተው በስሌት ላይ ነው። ቀጣዩ ተገቢ እርምጃ በመንገድ ላይ የሚደረግ ልኬት ሲሆን፣ አገራችን ለዚህ የተመቸች ናት። ከአዋሽ ሸለቆ እስከ እንጦጦ ባለው የ2,000 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት፣ አንድን ተሽከርካሪ በአንድ ማርሽና በአንድ ጭነት በየደረጃው እያቆሙ ማስነሣትና የማኒፎልዱን ግፊት ከሞተሩ ዙር ጋር መመዝገብ ይቻላል። ከዚህ የሚገኘው መረጃ የግፊት መነሻው ዙር በየከፍታው ስንት እንደሚጨምር ያሳያል። ለጋራዥ ባለሙያዎች ሥልጠናና ለመንጃ ፈቃድ ትምህርትም፣ በቆላ ከተጻፈው መመሪያ ይልቅ ለደጋው የሚስማማ መሠረት ይሆናል።